ማን ማንን ይጠብቃል?

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ አብራኝ የምትሰራ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ፊቷ ደስ አይልም።

«ጋሼ፣ 64 ኮር ሰጥቼው 52 ደቂቃ ፈጀ። በ8 ኮር እኮ በ40 ደቂቃ ነበር የሚጨርሰው! ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?»

(ኮር የምንለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ስሌቱን የሚሰራውን ክፍል ነው፤ አንድ ማሽን ብዙ ሊኖረው ይችላል።) ማሽኑ ምንም አልሆነም። እኔም ከዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ ፊት፣ ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ስለነበር ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። «ቁጭ በይ፤ መጀመሪያ ካርታውን እንየው» አልኳት።

ስራችን የወንዝና የጎርፍ ሞዴል ነው። ዝናቡን፣ አፈሩንና ተዳፋቱን እናስገባለን፤ ኮምፒውተሩ ያሰላል፤ ከታች ምን ያህል ውሃ እንደሚመጣ ይነግረናል። አንዳንዱ ስሌት በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳምንት ይቆያል። ሳምንት የሚቆየው ሲያጋጥም ሁላችንም የምንመኘው አንድ ነገር ነው፦ ትልቅ ማሽን።

ትልቅ ማሽን ሲባል ብዙ ሰው አንድ በጣም ፈጣን ኮምፒውተር ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ ከቀረ ቆይቷል። ከ2004 ገደማ ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የአንድ ኮር ፍጥነት እንደ ድሮው አልጨመረም። ሙቀቱን የሚችል ጠፋ። ፋብሪካዎቹ ፍጥነት መጨመር ሲያቅታቸው ቁጥር መጨመር ያዙ፦ ሁለት ኮር፣ አራት፣ ስምንት፣ ስልሳ አራት። በ2022 ከዓለም አንደኛ የወጣው፣ አሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው ፍሮንቲየር የሚባለው ማሽን በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት ይሰራል፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ ኮር ተደርድሮለት ነው እንጂ እያንዳንዱ ኮር ተአምረኛ ሆኖ አይደለም። እንዲህ ያለው ማሽን ደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ለሁሉም ስራ አይጠራም።

የጤፍ አጨዳ ደቦ ይወዳል። ሠላሳ ሰው ማጭዱን ይዞ ሲመጣ ማሳው ይከፈላል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ እስከ ማታ ያልቃል። ቡና ግን ደቦ አይገባውም። አቦል ሳይቀዳ ቶና የለም፤ ቶና ሳይቀዳ በረካ የለም። ያው አንድ ጀበና፣ ያው አንድ አተላ ነው። አስር ጀበና ብትጥድ አስር አቦል ታገኛለህ እንጂ በረካው ቀድሞ አይደርስልህም።

ሳይንሱም ላይ እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ስሌቱን ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የስሌቱን ትልቀት አይደለም። ማን ማንን ይጠብቃል? ይህን ነው።

አጨዳውን የሚመስለውን በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። የአባይን ተፋሰስ ሞዴል ሳስተካክል ነው። ሞዴሉ ውስጥ በቀጥታ ልትለካቸው የማትችላቸው ቁጥሮች አሉ፤ አፈሩ ውሃ በምን ፍጥነት እንደሚያሰርግ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ስንት ቀን ዘግይቶ ወንዙን እንደሚቀላቀል፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። ስለዚህ ቁጥሮቹን በዘፈቀደ እየቀያየርክ 5,000 ጊዜ ታስሞክረዋለህ። ከዚያ ከተለካው የወንዝ ፍሰት ጋር በጣም የተቀራረበውን ትመርጣለህ። አንዱ ሙከራ 4 ደቂቃ ይፈጃል። 5,000ው በአንድ ኮር ወደ 14 ቀን ነው። በ16 ኮር 21 ሰዓት። አንዱ ሙከራ ስለሌላው ምንም ማወቅ ስለማያስፈልገው ነው ቁጥሩ እንዲህ ልቅም ብሎ የሚካፈለው። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን ስሌት «ለመከፋፈል ቀላልነቱ የሚያሳፍር» ይሉታል። ምን ያሳፍራል? እኔስ ሁሉም ስሌት እንዲህ ቢያሳፍረኝ በወደድኩ።

እንግዲህ ዓርብ ማታ ራን አድርጌው ሄድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ተመለስኩ፤ አልቋል። 5,000 መስመር ውጤት። ደስ ብሎኝ ግራፍ ሳወጣ ነጥቦቹ ሳሱብኝ። 5,000 ነጥብ እንደ ንብ መንጋ ጥቅጥቅ ማለት ነበረበት። ይሄ ግን ፍሬው የረገፈ በቆሎ ይመስላል። ፋይሉን በቅደም ተከተል አሰልፌ ወደ ታች ስወርድ ያው ቁጥር፣ ያው ቁጥር፣ ያው ቁጥር። ቆጠርኩ፤ አስራ ስድስት ጊዜ። ቀጥሎ ያለውም አስራ ስድስት ጊዜ።

ጉዱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር «በዘፈቀደ» የሚለው ቁጥር ዘፈቀደ አይደለም። ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ በቀመር የሚያወጣው ሰልፍ ነው። የኔ ፕሮግራም መነሻውን የሚወስደው ከሰዓቱ ነበር፣ በሰከንድ። አስራ ስድስቱም ኮሮች የተነሱት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነው። ስለዚህ አስራ ስድስት ሰራተኛ ቀጥሬ ሁሉም አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲቆፍሩ አደሩ። በእጄ ያለው 313 ሙከራ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ለእያንዳንዱ ኮር የተለየ መነሻ ቁጥር ራሴ በእጄ እሰጣለሁ። ተማሪዎች ሲያማክሩኝም መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ ስንቱን እንደያዝኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሁለተኛው ዓይነት ጎረቤት ያለው ስሌት ነው። የአየር ትንበያ፣ ጎርፍ፣ በብረት ውስጥ የሚሄድ ሙቀት፣ ከመሬት በታች ያለ ዘይት፣ ብዙው የምድር ሳይንስ እዚህ ይመደባል። አገሩን በትንንሽ አራት ማዕዘን ትከፍለዋለህ። የአንዱ ቦታ የሚቀጥለው ሁኔታ በራሱና በአጠገቡ ባሉት ብቻ ይወሰናል። ጎንደር ላይ ከአሁን አንድ ደቂቃ በኋላ የሚሆነውን ለማስላት የሞያሌን ነፋስ ማወቅ አያስፈልግም።

ይህን ነገር ገና ኮምፒውተር ሳይኖር ያየው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ፈረንሳይ ውስጥ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኖ ሲያገለግል፣ በትርፍ ጊዜው የሜይ 20 ቀን 1910ን አየር በእጁ ያሰላ ነበር። የስድስት ሰዓት ትንበያ ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጀበት። ውጤቱም ከንቱ ሆነ፤ የአየር ግፊቱ በስድስት ሰዓት 145 ሚሊባር ይለወጣል አለ፣ በእውነቱ ግን ብዙም አልተነቃነቀም። (ስህተቱ ከዘዴው አልነበረም፤ ያስገባው መረጃ ሚዛኑን ያልጠበቀ ነበር። ኋላ መረጃው ተስተካክሎ በኮምፒውተር ሲሰላ ጤነኛ ውጤት ወጥቷል።) እኔን የሚገርመኝ ግን በ1922 ባወጣው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሕልሙ ነው። እንደ ቲያትር ቤት ክብ የሆነ ትልቅ አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ። እዚያ ውስጥ 64,000 ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የደረሳቸውን ቁራሽ መሬት ያሰላሉ። አጠገባቸው ያለው ጎረቤት እንዲያየው ውጤታቸውን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ያወጣሉ። መሃል ላይ ከፍ ያለ ማማ አለ፤ እዚያ የቆመው አለቃ በፈጠኑት ላይ ቀላ ያለ መብራት፣ በዘገዩት ላይ ሰማያዊ መብራት ያበራል። ሁሉም እኩል መሄድ ስላለበት።

ዛሬ ኮድ ስጽፍ የማደርገው ይህንኑ ነው። ሰሌዳው በኔትወርክ የሚላክ መልእክት ሆነ እንጂ።

እዚህ ላይ የድንበር ነገር ይመጣል። 100 በ100 የሆነ መሬት 10,000 ቁራሽ አለው። ዳር ላይ ያሉት 396 ናቸው፣ 4 በመቶ አይሞሉም። ለጎረቤት መነገር ያለበት የእነሱ ጉዳይ ብቻ ነው። ሰራተኛ እናብዛ ብለህ ለአንዱ 10 በ10 ብትሰጠው ግን ከ100 ቁራሾቹ 36ቱ ድንበር ላይ ይወድቃሉ። ያኔ ሰራተኛህ ከማረስ ይልቅ ከድንበርተኛው ጋር ሲያወራ ይውላል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ካርታውን ከፈትን። ሞዴሉ መሬቱን 8 በ8 አድርጎ 64 ቦታ ከፍሎታል። ወንዙ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። «እስቲ ውሃ የደረሰባቸውን ቁጠሪ» አልኳት። በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አስራ ሰባት።

ዝም አለች። ከዚያ፦ «የቀሩት 47ቱ ምን ይሰራሉ?»

ምንም። ደረቅ መሬት ላይ የሚሰላ ጎርፍ የለም። ግን ይጠብቃሉ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ውሃ ያላቸው እስኪጨርሱ። እርምጃው ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ነው። የ24 ሰዓት ጎርፍ ማለት 172,800 እርምጃ፣ 172,800 ጊዜ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ማለት ነው። ሎጉን (ፕሮግራሙ ስራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ስናይ በአንዱ እርምጃ ለወሬው ብቻ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይባክናል። ኢምንት ትመስላለች። ብታባዛት 29 ደቂቃ ናት። 64ቱ ኮር ያሉት ሁለት ማሽን ላይ ነው፤ ሁለቱን ያገናኘው ከሱቅ የምትገዛው ተራ የኔትወርክ ገመድ ነው። 8ቱ ኮር ግን አንድ ማሽን ውስጥ ናቸው። በዚያ ላይ ለ8 ሲከፍል መሬቱን ወንዙን እያቋረጠ በረጃጅሙ ስለቆራረጠው ስምንቱም ከወንዙ ድርሻ ድርሻቸውን አግኝተዋል። በአጋጣሚ ፍትሐዊ ክፍፍል ሆነላት ማለት ነው።

የስራ እኩል አለመዳረስ በዓለም አየር ሞዴልም አለ። ግማሹ ምድር ሁልጊዜ ሌሊት ነው። ከፀሐይ የሚመጣውን ጨረር ማስላት ያለበት ቀን የሆነበት በኩል ብቻ ነው። መሬቱን በስፋት እኩል ብታካፍል ሌሊት የደረሰው ኮር ቀድሞ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ሦስተኛውን ቶሎ ልለፈው፤ ስራዬ ስላልሆነ። ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚነጋገርበት ነው። ኮከቦች በስበት ሲጎታተቱ እያንዳንዱ እያንዳንዱን ይስባል። አንድ ሚሊዮን ኮከብ ካለህ ወደ 500 ቢሊዮን ጥንድ አለህ። በ1986 ባርንስና ኸት የሚባሉ ሰዎች መላ አመጡ፦ ሩቅ ያሉትን ኮከቦች እንደ አንድ ቆጥረህ አስላ። ማታ ከእንጦጦ ሆነህ ሩቅ ያለ መንደር ስታይ የእያንዳንዱን ቤት አምፖል አትለይም፤ አንድ ብርሃን ነው። እንደዚያ።

አሁን ደግሞ አውድማው። ሠላሳ ሰው አጭዶ ነዶው ተከመረ እንበል፤ የሚወቃው ግን በአንድ አውድማ ላይ ነው። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 የተናገረው ይህንን ነው። አስር ሰዓት የሚፈጅ ስራ አለህ። አንዱ ሰዓት የማይከፋፈል ነው፣ ፋይል ማንበብና መጻፍ በለው። ዘጠኙ ይከፋፈላል። በ9 ኮር ሁለት ሰዓት ይሆንልሃል። በ90 ኮር አንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ። በ900 ኮር አንድ ሰዓት ከ36 ሰከንድ። ከ90 ወደ 900 ለመድረስ ያወጣኸው ብር ሁሉ አምስት ደቂቃ ተኩል አተረፈልህ። ያቺ አንዷ ሰዓት ንቅንቅ አትልም።

በዚያ ዘመን ብዙ አዋቂ ሰው ይህን አይቶ ብዙ ኮር መደርደር የትም አያደርስም ብሎ ነበር። የሱፐር ኮምፒውተሩ ጌታ ሰይሞር ክሬይ «እርሻህን ለማረስ የትኛውን ትመርጣለህ፣ ሁለት ጠንካራ በሬ ወይስ 1,024 ዶሮ?» ብሏል ይባላል። ጎጃም ገጠር ስላደግኩ ዓይኔን ሳላሽ ለክሬይ እፈርድለታለሁ። ግን ስራው ማረስ ካልሆነስ? ስራው ማሳ ሙሉ የተበተነ እህል መልቀም ከሆነ በሬው ምን ሊረባህ ነው?

ዶሮዎቹን በ1988 የሞከራቸው ጆን ጉስታፍሰን ነው፤ ሳንዲያ በሚባለው የአሜሪካ ላብራቶሪ፣ በትክክል 1,024 ፕሮሰሰር (እንደ ኮር ቁጠረው) ባለው ማሽን። ከ1,000 እጥፍ በላይ ፍጥነት አገኘ። አምዳል ተሳስቶ አይደለም። ጉስታፍሰን ያለው ይህን ነው፦ ትልቅ ማሽን ያገኘ ሰው ያንኑ የድሮ ስሌቱን አያሰላም፣ ስሌቱንም አብሮ ያሳድጋል። የሚወቃው እህል ሲበዛ አውድማ ጠርጎ ማዘጋጃው ጊዜ ግን ያው ነው። እኛም ያንን እናደርጋለን። ትልቅ ማሽን ስናገኝ ቶሎ ጨርሰን ወደ ቤት አንሄድም፤ የቁራሹ ጎን 9 ኪሎ ሜትር የሆነውን ሞዴል 3 ኪሎ ሜትር እናደርገውና እንደገና አንድ ሳምንት እንጠብቃለን።

በዓመቱ፣ በ1989፣ ናይጄሪያዊው ፊሊፕ ኢሚያግዋሊ ከመሬት በታች ያለ ዘይት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በ65,536 ትንንሽ ፕሮሰሰሮች አስልቶ ለትልልቅ የኮምፒውተር ስሌቶች የሚሰጠውን የጎርደን ቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። ጎረቤት ያለው ስሌት ነው፣ ለዶሮ የተፈጠረ። (ፌስቡክ ላይ «ኢንተርኔትን የፈጠረው አፍሪካዊ» እየተባለ ፎቶው ይዞራል። ያንን አልፈጠረም። ሽልማቱ ግን እውነት ነው፤ ሰውየውን ለማክበር ሌላ መጨመር አያስፈልግም ነበር።)

ልጅቷ ሌላም ነገር አስተውላለች። በ8 ኮርና በ64 ኮር የወጣው ጠቅላላ የውሃ መጠን የመጨረሻዎቹ አሃዞቹ ይለያያሉ። «የቱን ልመን?» አለችኝ። ሁለቱንም፣ ወይም ሁለቱንም አለማመን ነው። ኮምፒውተር የሚይዘው የአሃዝ ብዛት የተወሰነ ነው። አራት አሃዝ ብቻ የሚይዝ ማሽን አለ እንበል። 1,000 ላይ 0.4 ብትጨምር ያቺ 0.4 ትወድቅና 1,000 ይላል። ሦስት ጊዜ ብትደጋግመውም 1,000 ነው። ሦስቱን ትንንሾች አስቀድመህ ብትደምር ግን 1.2 ይሆናሉ፣ በመጨረሻ 1,001 ታገኛለህ። ኮር ሲለዋወጥ የመደመሩ ቅደም ተከተል ይለዋወጣል። የምትጽፈው ሪፖርት ውስጥ የሚገቡት አሃዞች እስካልተነኩ ድረስ ተዪው አልኳት።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ለካ ይህን ጎርፍ በ16 ዓይነት የዝናብ መጠን ነበር ማስላት ያለባት፤ አንዱን ባለ በሌለ ኮር አፍጥና ከዚያ ወደ ቀጣዩ ልትሄድ። «አንዱን ለማፍጠን አትልፊ። ለእያንዳንዱ 8 ኮር ስጪውና ስምንቱን አንድ ላይ ልቀቂያቸው» አልኳት። ዝናቦቹ አይተዋወቁም፤ አጨዳ ነው። አስራ ስድስቱም በሁለት ዙር፣ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጅተው አለቁ። አንድ በአንድ ቢሆን ከአስር ሰዓት በላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማክያቶዬን ሳልጨርስ መጣች። ዓይኗ ያበራል። «ጋሼ፣ የ30 ዓመቱን የአባይ ሞዴልስ ለምን ለ30 ኮር አላካፍለውም? ለአንድ ኮር አንድ ዓመት!»

ቡናው ይህ ነው። የዛሬው የአፈር እርጥበት ከትላንቱ ይነሳል። 30 ዓመት ማለት ወደ 11,000 ቀን ነው፣ እያንዳንዱ ቀን የፊተኛውን ይጠብቃል። በቦታ በኩል መክፈል ይቻላል፤ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዲዴሳ፣ ዳቡስ፣ ሁሉም ከአባይ እስኪገናኙ ድረስ ለየብቻቸው ሊሰሉ ይችላሉ። ዋናው ወንዝ ላይ ሲደርስ ግን የታችኛው የላይኛውን መጠበቅ ግዴታው ነው። በጊዜ በኩል ግን ...

«አይሆንም» ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከፊቱ ሁለት ዓመት ማሟሟቂያ ብጨምርለትስ? አፈሩ እኮ ከሁለት ክረምት በፊት የነበረውን ይረሳል።»

ይሄ ሞኝ ሐሳብ አይደለም። አፈር በእውነት ይረሳል። ሁለት ክረምት ካለፈበት ከየት እንደጀመርክ ትዝ አይለውም። ስለዚህ 30ውን ዓመት ለስድስት፣ አምስት አምስት አድርገን ከፈልነው፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ዓመት ማሟሟቂያ ሰጠነው። ሰባት ሰባት ዓመት በስድስት ኮር። ከሠላሳ ይሻላል።

ከሰዓት ውጤቱን ከሙሉው ጋር ደራርበን አየነው። ጉደር ላይ መስመሮቹ አንድ ናቸው። ዲዴሳም አንድ። ጣና ላይ ግን በየአምስት ዓመቱ መጋጠሚያ ላይ የሐይቁ ከፍታ ደረጃ ሰርቷል፤ ዱብ፣ ከፍ፣ ዱብ። ሐይቁ እንደ አፈሩ ቶሎ አይረሳም።

አሁን ስንት ዓመት ማሟሟቂያ እንደሚበቃው እየሞከረች ነው። አራት አልበቃውም።